ስምንት ጀሪካን ባሕር

የረጠበ ጨው ሽታ አለው ብል ማን ያምነኛል? ባለፈው ሰኞ ባቲ ገበያ፣ ከአፋር የመጣ ጨው የሚሸጥበት ጥግ ቆሜ ታናሽ እህቴን ስጠብቅ ድንገት ካፊያ ጣለ። ነጋዴዋ ጨውዋን በላስቲክ ለመሸፈን ስትሯሯጥ ከጆንያው ሥር አንድ ሽታ ብድግ አለና አፍንጫዬን ያዘው። ጨው፣ እርጥብ ጆንያ፣ ትንሽ ዝገት፣ ትንሽ ዓሣ። እህቴ መጥታ ትከሻዬን ነቀነቀችኝ።

«ማል ታቴ? ምን ሆንሽ? ፈዘሽ ቀረሽ እኮ!»

«ምንም። ስድስተኛ ክፍል ሸተተኝ» አልኳት።

«ወይ ጉዴ!» ብላ ዘንቢሉን አስይዛኝ ወደ በርበሬ ተራ ሄደች።

ምን ብዬ ላስረዳት? ያኔ እሷ ገና በደረት የምትድህ ልጅ ነበረች። እኛ የስድስተኛ «ለ» ተማሪዎች ግን የዚያን ዓመት ከሚሴ ውስጥ ባሕር ነበረን። እየቀለድኩ አይደለም፤ የቦርከናን ወንዝም አይደለም የምለው። ከጅቡቲ የመጣ፣ ምላስ የሚያቃጥል የባሕር ውሃ፣ ከነዓሣው ከነሸርጣኑ፣ ከሰሌዳው በስተግራ ካለው መስኮት ሥር ተቀምጦ ነበር።

ነገሩን የጀመረው የሳይንስ መምህራችን ቲቸር ደምሰው ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሸሚዙን በዚያ ሙቀት እስከ አንገቱ የሚቆልፍ የደጋ ሰው። ዱላ አይዝም፤ ሲናደድ በእጁ ያለውን ጠመኔ ይሰብራል። ከሚሴ ሲመደብ ኦሮምኛ አያውቅም ነበርና ለመልመድ ያገኘውን ሁሉ «አካም ቡልተን?» ይላል። እንዴት አደራችሁ ማለት ነው፤ እሱ ግን ከሰዓት በኋላም፣ ፀሐይ ስትጠልቅም «እንዴት አደራችሁ» ነው። እናቶቻችን በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው እየሳቁ «ነጋ፣ ነጋ፣ ደህና ነን» ይሉታል። ወላሂ፣ እንደ እሱ የወደድኩት መምህር የለም።

አንድ ቀን ስልኩን ይዞ ገባና «ኑ፣ ተሰብሰቡ፣ የማሳያችሁ ነገር አለ» አለ። ሃምሳ ስምንት ልጆች አንዲት ስልክ ላይ ወረርን። እኔ ያየሁት በአብዛኛው የአብዱን ማጅራት ነው። አብዱ ከኋላዬ የሚቀመጥ የጨፋ ሜዳ ልጅ ነው፤ ሁልጊዜ ከፊት ይገኛል፣ ምላሱ ደግሞ ከእሱ ይቀድማል። በጆሮው ጎን አሾልቄ ሳይ ሰማያዊ ውሃ፣ ውሃው ውስጥ እንደ አበባ የተከፈቱ ድንጋዮች፣ በመሃላቸው የሚሽሎከለኩ ባለ ቀለም ዓሦች አየሁ። የሆነ አገር ያሉ ተማሪዎች ክፍላቸው ውስጥ በመስታወት ሣጥን ያኖሩት ባሕር ነበር።

«ባሕር ያየ አለ?» ብሎ ጠየቀ ቲቸር።

ማንም እጁን አላወጣም።

«እኔም አላየሁም። ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው፣ ስለ ባሕር አስተምራለሁ፣ አይቼው ግን አላውቅም።»

ይሄን ሲል ፊቱ ላይ የነበረው ነገር አንጀቴን በላው። ሳላስበው እጄን አወጣሁ። «ቲቸር፣ እኔም አላየሁም። አባቴ ግን በየሁለት ሳምንቱ ያየዋል።»

አባቴ አሊ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ከጅቡቲ ወደብ ጭኖ በሚሌ፣ በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ ያራግፋል፤ ሲመቸው ሁለት ቀን እኛ ጋ አርፎ ይመለሳል። ቲቸር እቤታችን ድረስ መጥቶ ሲያናግረው አባዬ በጣም ጨዋ ሆኖ አዳመጠው። ከሸኘው በኋላ ግን «መምህሩ ባሕር በጀሪካን አምጣልኝ አለኝ እኮ!» እያለ ለእማዬ ሲነግራት እስኪያስለው ሳቀ። በነጋታው ግቢያችን ውስጥ ስምንት ቢጫ ጀሪካኖች በፈላ ውሃ ሲያጥብ አገኘሁት። «ሳሙና እንዳታስነኩብኝ!» ብሎ ሁላችንንም አባረረን።

እሱ እስኪመለስ እኛ ገንዳውን አሠራን። አስፋልቱ ዳር ያለው መስታወት ቆራጭ ወፍራም መስታወት አገጣጥሞ በሲሊኮን ለጠፈልን። ርዝመቱ የሁለት ልጅ ዴስክ ያህል ነው። መጀመሪያ የቧንቧ ውሃ ስንሞላው በሦስት ማዕዘን አንጠባጠበና የአብዱን ደብተር አበሰበሰው። አውጥተን አደረቅነው፣ እንደገና ለጠፍነው፣ እንደገና ሞላነው። በሦስተኛው አንድ ሳምንት ሙሉ ሳይንጠባጠብ ዋለ። ማሞቂያ ያስፈልገዋል ወይ ብለን ስንጠይቅ ቲቸር ግንባሩን በመሐረብ እየጠረገ «ዕድሜ ለከሚሴ! ሌላ አገር ውሃውን በኤሌክትሪክ ነው የሚያሞቁት» አለ።

አባዬ ቅዳሜ ከሰዓት መጣ። መኪናውን ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሲያቆም የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ጎማው ሥር ነበር። የሚያውቀው አንድ ጅቡቲያዊ ዓሣ አጥማጅ ቀድቶለት፣ ድንጋዮችም መርጦለት ነው። ኬላ ላይ ፈታሹ ቤንዚን መስሎት አንዱን ጀሪካን አስከፍቶ፣ አሽትቶ፣ በጣቱ ነክሮ ቀምሶ፣ ተፍቶ፣ «ሰውዬ፣ ጤነኛ ነህ?» እንዳለው ሲነግረን ተንከባለልን። ጋቢናው ውስጥ አፋቸው የተቆረጠ ሁለት ባልዲ መሰል ዕቃዎች ነበሩ፤ በመኪናው ባትሪ የሚሠራ አየር መንፊያ እየተንፈቀፈቀባቸው። እዚያ ውስጥ ነው እንስሶቹ የመጡት።

ሰባቱን ጀሪካን ገለበጥን። ስምንተኛው ሳይከፈት ቁም ሳጥኑ ውስጥ ለመጠባበቂያ ይቀመጥ ተባለ።

እኔ ደግሞ ባሕር ማለት ቀለም ይመስለኝ ነበር። ጀሪካኑ ሲገለበጥ ሰማያዊ ነገር የሚፈስ መስሎኝ ትንፋሼን ይዤ ስጠብቅ የወጣው ዝም ብሎ ውሃ ነው። ጥርት ያለ፣ እቤት የምንጠጣው የመሰለ።

«ይሄማ የቧንቧ ውሃ ነው!» አለ አብዱ ጮክ ብሎ። «ባሕር ሰማያዊ ነው፣ ስልኩ ላይ አይተናል!»

ቲቸር «ቅመሱ» አለ። በተራ በተራ ጣታችንን ነክረን ቀመስን፤ ሁሉም ፊቱን አጨማዶ ተፋ።

«ጨው ጨምሮበት ነዋ!» አለ አብዱ።

ልጆቹ ሳቁ። አባዬም ሳቀ። እኔ ግን አፈርኩ፣ ተቃጠልኩ። ያን ሁሉ መንገድ የመጣን ሰው፣ ያውም አባቴን!

ለምን እንዲያ እንዳንገበገበኝ ለማወቅ እናቴን ማወቅ ያስፈልጋል። እማዬ ዘይነባ ወተት ሻጭ ናት። የራሷ ላም አለቻት፤ ከዚያ በላይ የጨፋ ሴቶች ለወተት ሻጮች ማኅበር የሚያመጡትን ወተት ተቀብላ የምትለካው እሷ ናት። እማዬ ዘንድ ከስርቆት ቀጥሎ የከበደው ኃጢአት ወተት ላይ ውሃ መጨመር ነው። ከስርቆት ይብሳል ሳትልም አትቀርም። ውሃ ያለበት ወተት ካገኘች ሴትዮዋን ሰው ፊት አታዋርዳትም፤ ጀሪካኗን ቀስ አድርጋ ትመልስላትና «ሱባሃነላህ፣ ዛሬ ላምሽ ወንዝ ውስጥ ነው የዋለችው» ትላታለች። ሴትዮዋ አንድ ወር ዓይኗን ቀና አድርጋ አታይም። እንግዲህ እኔ የዚህች ሴት ልጅ ነኝ። አባቴ ውሃ ቀላቀለ ሲባል እንዴት አያንገብግበኝ?

ነገሩ እንስሶቹ ሲለቀቁ ተረሳ። ማን ስለ ውሃ ያወራል! የቀንድ አውጣ ባዶ ቤት ውስጥ ገብተው ቤቱን ተሸክመው የሚዞሩ ሦስት ትንንሽ ሸርጣኖች ነበሩ። አንደኛው ድንጋይ ላይ ደግሞ ጣት መሳይ ነገሮቹን ዘርግቶ የሚወዛወዝ፣ ሲነኩት ጥቅልል የሚል የባሕር አበባ ተጣብቋል፤ ቲቸር አበባ ሳይሆን እንስሳ ነው ብሎ ብጣሽ ሥጋ ሲያስነካው እጥፍ አድርጎ ዋጠው። ሴቶቹ ጮህን። ሁለት ዓሦችም ነበሩ፣ የጣት ርዝመት ያላቸው፣ ቢጫ ላይ ጥቁር ሰንበር። ትልቁ ፊት ፊት ይሄዳል፤ ትንሹ ከኋላው አይለይም። ወዲያው ሾፌርና ረዳት አልናቸው።

ገንዳው ላይ የገጠምነው አየር መንፊያ የሚሠራው በመብራት ነው፤ መብራት ሲጠፋ ይቆማል። ቲቸር ምን እንደሚያደርግ ግራ ገብቶት ሲንቆራጠጥ መላውን ያመጣው አብዱ ነው። «ተራ እንግባ» አለ። እኛ አገር ከብት የሚጠበቀው በተራ ነው፤ ዛሬ የእኛ ቤት፣ ነገ የጎረቤት፣ ማንም ተራውን አያሳልፍም። እንደዚያው የክፍሉ ልጆች ስም በተራ ተጻፈ፤ መብራት ሲጠፋ ተረኛው በጣሳ ከገንዳው እየቀዳ ከፍ አድርጎ መልሶ ያንቆረቁራል፣ አየር እንዲገባው። ሒሳብ እየተማርን፣ አማርኛ እየተማርን፣ ከጥግ ያ የመንቆርቆር ድምፅ ይሰማ ነበር። የሌሎች ትምህርት መምህራን መጀመሪያ ተቆጡ፣ ኋላ ለመዱት።

የጠዋት ተረኛ እኔ ሆንኩ፤ ለሻይ ቤቱ ወተት አድርሼ ስለምመጣ ከማንም ቀድሜ እደርሳለሁ። ዘበኛው ይከፍትልኛል፣ እመግባቸዋለሁ፣ ከዚያ ሰልፍ እስኪደርስ ግንባሬን መስታወቱ ላይ ለጥፌ አያለሁ። ያ ሽታ ያኔ ነው አፍንጫዬ ውስጥ የቀረው።

ታዲያ አንድ ሐሙስ ጠዋት ስደርስ ቲቸር ቀድሞኝ ነበር። በባልዲ የቧንቧ ውሃ ይዞ ገንዳው ውስጥ ቀስ እያለ ይጨምራል! በሩ ላይ ደርቄ ቀረሁ።

«አካም ቡልተን፣ ሉባባ!» አለኝ በደስታ። ለአንዴ እንኳ ሰዓቱ ልክ ነበር። «ሙቀቱ ውሃውን እያደረቀው እኮ ነው። በየቀኑ ሁለት ጣት ይቀንሳል፤ ይሄው ምልክቱ።»

ቲቸሬ ውሃ ይቀላቅላል! አባቴ ያመጣው ባሕር በየቀኑ ሁለት ጣት ይሄዳል፣ በምትኩ የከሚሴ ቧንቧ ይገባል። እንዲህ እንዲህ ሲል ሲከርም ባሕሩ ሁሉ አልቆ የአብዱ ቃል እውነት ሊሆን ነው። ቲቸርን መናገር አልቻልኩም፤ ትልቅ ሰው ነዋ፣ ደግሞም እወደዋለሁ። እንዳላወቀ ገባኝ። የደጋ ሰው ነው፣ ወተት ሻጭ አላሳደገችው፣ ከየት ያውቃል ብዬ አዘንኩለት። ሳይዋረድ ላተርፈው ወሰንኩ።

መላው እኛው ግቢ ነበር። ላማችን የምትልሰው ከባቲ የመጣ አሞሌ ጨው ከጋጣዋ አጠገብ ይቀመጣል። ቲቸር ራሱ የአፋር ሜዳ ድሮ ባሕር ነበር፣ ሲደርቅ ጨው ሆነ ብሎ አስተምሮናል። እንግዲያው ይሄ ጨው የደረቀ ባሕር አይደል? የሄደውን በዚያው መመለስ ነው! አሁንም ሳስበው የዚያች ልጅ ብልህነት ያስቀኛል። ከአሞሌው ስባሪ በሙቀጫ ወቅጬ፣ በወረቀት ቋጥሬ፣ ቲቸር አንድ ባልዲ በጨመረ ቁጥር በነጋታው ጠዋት አንድ እፍኝ እጨምራለሁ። ስንት እፍኝ እንደሆነም በደብተሬ ጀርባ ጭረት አደርጋለሁ፤ እማዬ ያለ ልክ የሚሠራ ነገር አትወድም።

አሥር እፍኝ ስደርስ የባሕር አበባው መከፈት ተወ። አሥራ አራት ስደርስ አንድ ሸርጣን ከቤቱ ወጥቶ ሞቶ አገኘነው። አብዱ የዚያን ቀን አላሾፈም፤ ሸርጣኖቹን ይወዳቸው ነበር። እኔ ደግሞ የታመሙት ውሃው ስለቀጠነ መሰለኝና በሚቀጥለው ጠዋት ሁለት እፍኝ ጨመርኩ። አላህ ይቅር ይበለኝ። በአሥራ ዘጠነኛው ረዳት በጎኑ ተንሳፍፎ ሞተ። ሾፌር ብቻውን ውሃው ገጽ ላይ አፉን እየከፈተ እየዘጋ ቀረ።

ያን ጊዜ ነው የፈራሁት። አባዬ መንገድ ላይ ነበር። የዓሣው ስም ሾፌር ነው። ዓሣው ከሞተ አባዬ የሚሞት መሰለኝ፤ ለማንም አልተናገርኩም፣ ሌት ተቀን ግን ሆዴ ውስጥ ነበር።

ቲቸር ደምሰው ከሳ። ሸሚዙን አንገቱ ድረስ መቆለፍ ሁሉ ተወ። ሰኞ ርዕሰ መምህሩ መጥቶ «ሽታው ቢሮዬ ደርሷል፤ እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ ይውጣልን» ሲለው አልተከራከረም። ከወጣ በኋላ ወደ እኛ ዞሮ «ልጆች፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። የማላውቀውን ነገር ሞከርኩ። እኔ ነኝ የገደልኳቸው» አለ።

አብዱ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ለምንድን ነው የቧንቧ ውሃ የሚጨምሩበት? ባሕርነቱን አያጠፋውም?»

የእኔን ጥያቄ! ወር ሙሉ በሆዴ የያዝኩትን! ቲቸር ከገንዳው በሻይ ማሰሮ ክዳን ትንሽ ውሃ ቀድቶ መስኮቱ ላይ ፀሐይ ውስጥ አስቀመጠና ትምህርቱን ቀጠለ። ደወል ሊደወል ሲል አንሥቶ እያዞረ አሳየን። ውሃው የለም። ክዳኑ ላይ ነጭ ነገር ተጋግሯል።

«የሚሄደው ውሃው ብቻ ነው። ጨው አይተንም፤ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ የምንመልሰው የሄደውን፣ ውሃውን ብቻ ነው። ጨው ብንጨምርበት ግን…» አለና ትከሻውን ነቀነቀ፣ ማንም እንዲህ ያለ ነገር እንደማያደርግ።

እኔ ዴስኩን ጨብጬ ያዝኩት። አሥራ ዘጠኝ እፍኝ።

መናገር ነበረብኝ። አውቃለሁ። ግን አስቡት፤ ብናገር አብዱ ምን ይላል? ጨው ነው፣ ቧንቧ ነው ብዬ አልነበረም ወይ ይላል፤ እውነቱንም ነው። የአባቴ ባሕር የጨው ውሃ ሆኖ ይቀራል፣ ያደረግሁትም እኔ ልጁ። ዝም ብል ደግሞ ሾፌር ይሞታል፣ ቲቸርም ገዳይ ነኝ እንዳለ ይኖራል። ማክሰኞን እንዲሁ ዋልኩ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ ከቲቸር ፊት ተቀመጥኩ። ሲያየኝ ፈገግ ይልልኛል፤ ያ ነው የገደለኝ።

ያወጣኝ አሞሌው ነው። ማክሰኞ ማታ እማዬ ልታልብ ስትገባ አየችው። «ያ ረቢ! ማነው ይሄን አሞሌ እንዲህ የጨረሰው?» ላሟን አየች፣ ላሟ ምን ታውቃለች። «የጎረቤት ፍየል ናት! ዛሬስ አልምራትም!» ብላ ጉፍታዋን አስተካክላ ወደ በሩ ሄደች።

ጎረቤታችን ክፉ ሴት አይደለችም፤ ፍየሏም ምስኪን ናት። የእማዬን ቀሚስ ከኋላ ያዝኩ።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ። ባሕሩ ውስጥ ጨመርኩት።»

ሁሉንም ነገርኳት፤ የአብዱን ቃል፣ የቲቸርን ባልዲ፣ ጭረቶቹን፣ ሾፌርን። እማዬ ማለቢያውን አስቀምጣ መሬት ላይ ተቀመጠች። ትመታኛለች ብዬ ስጠብቅ አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

«ለሰውዬው አልነገርሽውም?»

«አልነገርኩትም።»

«ውሃ ጨመረ ብለሽ በልብሽ አማሽው፤ እሱ ደግሞ ራሱን እያማ ነው።» ተነሣች። «ነገ አብረን እንሄዳለን። እኔ አልናገርልሽም፤ አንቺው ትናገሪያለሽ።»

ረቡዕ ጠዋት ወተቱን ካደረስን በኋላ በጨርቅ የተጠቀለለ ቀጭን ነገር በብብቷ ይዛ ከእኔ ጋር መጣች። ክፍሉ ሞልቷል። ቲቸር «አካም ቡልተን፣ እትዬ ዘይነባ» ብሎ ከወንበሩ ተነሣ። እማዬ «ነጋ፣ መምህር» አለችና ትከሻዬን ገፋ አደረገችኝ።

ተናገርኩ። ምን ብዬ እንደጀመርኩ አላስታውስም። የማስታውሰው «አሥራ ዘጠኝ እፍኝ» ስል የቲቸር ጠመኔ ቀጭ ብሎ መሰበሩን ነው።

«አንቺ ነሽ?» አለ። «ይሄን ሁሉ ቀን ራሴን ስረግም እያየሽኝ? እዚህ ፊቴ ተቀምጠሽ?»

ሲቆጣኝ የመጀመሪያው ነው። አንገቴን ደፋሁ። ከኋላ የአብዱ ድምፅ መጣ፦ «አላልኳችሁም? ጨው ነው ብያችሁ ነበር!»

ሞት ማለት ይሄ ነው ብዬ አሰብኩ።

ቲቸር ግን አብዱን አልሰማውም። የተሰበረውን ጠመኔ እያየ ቆየና ቀስ ብሎ «ስንት አልሽኝ?» አለ።

«አሥራ ዘጠኝ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

ደብተሬን ገልብጬ ጭረቶቹን አሳየሁት። ጭረቶቹን በጣቱ ቆጠራቸው፣ ደግሞ ቆጠራቸው፣ ከዚያ ባልጠበቅሁት ሁኔታ ጭንቅላቴን በሁለት እጁ ያዘና «እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ! በሽታው ታወቀ ማለት እኮ ነው!» ብሎ ጮኸ። ቁጣው ግን ከዓይኑ አልወጣም ነበር፤ ሁለቱም አብረው ነበሩ።

«ግን እንዴት አድርገን ልኩን እናገኘዋለን?» አለ ወዲያው። «እፍኝ ልክ አይደለም።»

ይሄኔ እማዬ ጨርቁን ፈታች። የማኅበሩ የወተት መለኪያ ነው፤ ሆዱ ወፈር ያለ፣ አንገቱ ላይ ቁጥር ያለው የመስታወት ዘንግ። ወተት ውስጥ ሲገባ ይቆማል፤ ውሃ ካለበት ሰመጥ፣ ከወፈረ ከፍ ይላል። «ያ ያልተከፈተው ጀሪካን አለ አይደል? ባለቤቴ እንዳመጣው ነው። እሱ ውስጥ የት እንደሚቆም እንይ፤ ይሄንንም እዚያ ድረስ እናውርደው» አለች።

ቲቸር ደምሰው አፉን ከፍቶ ቀረ። ስምንተኛው ጀሪካን ከቁም ሳጥኑ ወጣ። ዘንጉ ውስጡ ተወዝውዞ ቆመ፤ እማዬ ጣቷን ምልክቱ ላይ አደረገች። ገንዳው ውስጥ ሲገባ ዘሎ ብዙ መስመር ከፍ አለ። ክፍሉ ሁሉ «ኡኡ!» አለ።

እማዬ ዞር አለች። «ማነው ባለቤቴን ጨው ጨምሮ ነው ያለው?»

ዓይን ሁሉ አብዱ ላይ አረፈ።

«ኮቱ፣ ና ወዲህ። ያ ምላስህ ብዙ ሠርቷል፤ አሁን ደግሞ ዓይንህ ይሥራ።» ዘንጉን አስያዘችው። «ልክ እዚህ እስኪደርስ በየሰዓቱ የምታነበው አንተ ነህ። ብትሰብረው አባትህ ዘንድ እመጣለሁ።»

ባንዴ ከሆነ ይሞታሉ አለ ቲቸር፣ በቀስታ መሆን አለበት። ስለዚህ በተራ ገባን። አንዱ ከገንዳው አንድ ጣሳ ያወጣል፣ ሌላው ፀሐይ ላይ የዋለ ንጹሕ ውሃ አንድ ጣሳ ያንጠባጥባል። ረቡዕ ሙሉ፣ ሐሙስ ሙሉ። ሃምሳ ስምንታችንም ተራችን ደረሰ። አብዱ ዘንጉን በሁለት እጁ እንደ እንቁላል ይዞ፣ ዓይኑን ከውሃው ጋር አስተካክሎ፣ ቁጥሩን ሲጮህ ቲቸር ሰሌዳው ላይ ይጽፋል። አብዱ በዚያ ሁለት ቀን እኔን አንድም ቃል አልተናገረኝም። እኔም አልተናገርኩትም። በመጨረሻ ዘንጉ እማዬ ያመለከተችበት ቁጥር ላይ ቆመ፤ ያኔ ስምንተኛውን ጀሪካን ራሱን ጨመርንበት፤ የአብዱ ቁጥር አልተንቀሳቀሰም።

ዓርብ ጠዋት አበባው ግማሹን ከፍቶ ነበር። ሾፌር ከውሃው ገጽ ወርዶ በድንጋዮቹ መሃል ይሽከረከራል። ርዕሰ መምህሩ መጣ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ አየ፣ አሸተተ፣ ምንም ሳይል ወጣ።

ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ የቲቸር ስልክ ጮኸ። አባዬ ነበር፣ ከጅቡቲ። ቲቸር ድምፁን ከፍ አድርጎ ለሁሉም አሰማና ስልኩን ለእኔ ሰጠኝ። ከኋላው የወደብ ጫጫታ፣ የመኪና ጥሩምባ ይሰማል።

«ሉባባ! ደህና ነሽ? እስቲ ንገሪኝ፣ ባሕሬ እንዴት ከረመ?»

በሕይወት አለ! ግን «ባሕሬ» አለኝ። መዋሸት አልቻልኩም።

«አባዬ» አልኩ፣ እንባዬ ቀደመኝ፣ «ረዳት ሞቷል። ጨው ጨምሬበት ነበር። የቧንቧ ውሃም አለበት፣ ብዙ። አሁን… አሁን ያንተ አይደለም።»

ከስልኩ ውስጥ ጥሩምባው ብቻ ይሰማል። ከኋላዬ ዴስክ ሲገፋ ሰማሁ፤ አንድ እጅ መጥቶ ስልኩን ከእጄ ነጠቀኝ።

«ጋሽ አሊ! አብዱ ነኝ!» አለ፣ ጅቡቲ ድረስ ያለ ስልክ የሚሰማ ይመስል እየጮኸ። «የእርስዎ ነው! ወላሂ የእርስዎ ነው! እኔ ራሴ ለክቼዋለሁ!»